ዕጣና ዘር፦ ዕድል በትናንሽና በትላልቅ የርቢ ስብስቦች ላይ የሚያመጣው ለውጥ
ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ በተወሰዱ ምሳሌዎች

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕጩ መምህራን በማስተማር ልምምድ ላይ በነበሩበት ወቅት፣ በመንዝ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተገኝቼ አንድ የሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ተከታትዬ ነበር። የዕለቱ ርእስ የተፈጥሮ ምርጫ ነበር። ዕጩ መምህሩ ገለጻውን እንዳበቃ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እኛ ቤት ጆሮው የተቆረጠ እስኪመስል ድረስ አጭር የሆነ አውራ በግ ነበረን። ዛሬ ግን በመንጋችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው አንድም በግ አይገኝም። ለምን ጠፋ?» ሲል ጠየቀ። ዕጩ መምህሩም ሳያመነታ፣ «አጭር ጆሮ ለበጉ ስላልጠቀመው ነው፤ ደካማው ይጠፋል፣ ብርቱው ይተርፋል» ብሎ መለሰ። ተማሪዎቹም ይህንኑ በየደብተራቸው ጻፉ።

ከክፍል ስንወጣ ልጁን አስጠግቼ የበጉ መጨረሻ ምን እንደ ነበረ ጠየቅሁት። «ለፋሲካ ታረደ» አለኝ። ከሌሎቹ ተለይቶ ስለ ምን እርሱ እንደ ታረደ ብጠይቀው፣ «ለበዓሉ የደረሰ እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ነው» ሲል መለሰ። ከእርሱ የተወለደችው አጭር ጆሮ ያላት አንዲት ግልገልም በክረምት ገደል ገብታ እንደ ሞተች ጨምሮ ነገረኝ። መንጋቸው በጠቅላላው 9 በጎች ብቻ እንደ ነበሩትም ከዚሁ ጭውውት ተረዳሁ።

እንግዲህ በጆሮው ማጠር ምክንያት የተጎዳ በግ አልነበረም። አጭሩ ጆሮ ከዚያ ቤት የጠፋው፣ ያን ጠባይ ሊያወርሱ የሚችሉት ሁለት እንስሳት ብቻ ስለ ነበሩና ሁለቱም ከጆሯቸው ጋር ግንኙነት በሌለው ምክንያት ስለ ሞቱ ነው። በ9 በጎች መንጋ ውስጥ የደረሰው ይህ ነገር 9,000 በጎች ባሉበት ወረዳ እንዲህ በቀላሉ ሊደርስ አይችልም። በመንዝ በግ ዝርያ ውስጥ አጭር ጆሮ ያላቸው በጎች ዛሬም ይገኛሉና። ልጁ ያነሣው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን ስሕተት ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚያ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ መስጠት፣ መልሱ በክፍል ውስጥ እንዴት በቀላል መሣሪያ ሊታይ እንደሚችል ማመልከት፣ እንዲሁም ጉዳዩ የእንስሳት ርቢን፣ የዘር ጥበቃንና የዱር አራዊትን ለሚመለከቱ ዕቅዶች ያለውን ትርጉም ማስረዳት ነው።

1. የምንጠቀምባቸው ቃላት

በአንድ አካባቢ እየኖሩ እርስ በርሳቸው የሚራቡ የአንድ ዝርያ እንስሳት ወይም ዕፀዋት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የርቢ ስብስብ» ወይም በአጭሩ «ስብስብ» ይባላሉ። የአንድ መንደር በጎች፣ የአንድ ማሳ ገብስ፣ የአንድ ተራራ ቀበሮዎች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈው የውርስ ቅንጣት ጂን ይባላል። አንድ ጂን ልዩ ልዩ ዓይነቶች ሊኖሩት ይችላል፤ ለምሳሌ አንዱ ዓይነት ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ቀለም ያስገኛል። እያንዳንዱ በግ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ ይወርሳል። ስለዚህ 50 በጎች ባሉበት ስብስብ ውስጥ የአንድ ጂን ቅጂዎች 100 ናቸው ማለት ነው።

ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የአንድ ጂን ዓይነት ድርሻ በጥቅሙ ወይም በጉዳቱ ሳይሆን በአጋጣሚ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ ሁኔታው በሳይንስ ቋንቋ ጄኔቲክ ድሪፍት ይባላል። እኛ «ዕጣ ወለድ ለውጥ» እንለዋለን።

2. ዕጣ የሚገባው የት ላይ ነው?

ቅርጫ ገብቶ ሥጋ የተካፈለ ሰው ሁሉ ዕጣን ያውቃል። መደቡ ከተደለደለ በኋላ እንጨቱ የሚጣለው ማን የትኛውን መደብ እንደሚወስድ አስቀድሞ እንዳይታወቅ ነው። ዕጣ ዓይን የለውም፤ ለባለጸጋም ለድኻም አያደላም።

በዘር መተላለፍ ውስጥም ዕጣ ሁለት ጊዜ ይጣላል። የመጀመሪያው ወላጅ ካሉት ሁለት ቅጂዎች አንዱን ብቻ ለልጁ ሲሰጥ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚተላለፍ የሚወሰነው በአጋጣሚ ነው። አንዲት በግ አንድ ልጅ ብቻ ወልዳ ብትሞት፣ ካሏት ጂኖች ግማሾቹ ወደ ሚቀጥለው ትውልድ ሳያልፉ ይቀራሉ። ሁለተኛው ዕጣ የሚጣለው ማን እንደሚወልድና ማን ሳይወልድ እንደሚቀር ሲወሰን ነው። እርግጥ ነው፣ ብርታትና ጤና በዚህ ላይ ድርሻ አላቸው፤ ይህም የተፈጥሮ ምርጫ ነው። ነገር ግን መብረቅ፣ ጎርፍ፣ የበዓል እርድና ገደል ጂን እየለዩ አይወስዱም።

ስብስቡ ትልቅ ሲሆን በአንዱ ላይ የደረሰው አጋጣሚ በሌላው ላይ በደረሰው ይካካሳል። አንድ ጥቁር በግ እዚህ ገደል ቢገባ፣ እዚያ ማዶ አንድ ነጭ በግ በጎርፍ ይወሰዳል። ስብስቡ ትንሽ ሲሆን ግን ማካካሻ አይኖርም።

3. በገብስ የሚሠራ የክፍል ሙከራ

ይህን ለማሳየት የሚያስፈልገው መሣሪያ በየትኛውም የደጋ ትምህርት ቤት አይታጣም፤ እርሱም ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስና አንድ ቆርቆሮ ነው። ባቄላና አተር በመጠን ስለሚለያዩ እጅ ሊለያቸው ይችላል፤ ስለዚህ ለዚህ ሙከራ አይመቹም።

ሀ. መምህሩ ክፍሉን በቡድን ይከፍላል። እያንዳንዱ ቡድን በቆርቆሮው ውስጥ 10 ነጭና 10 ጥቁር ፍሬ ይጨምራል።

ለ. አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ፍሬ ያወጣል፤ ቀለሙ ይመዘገባል፤ ፍሬው ይመለሳል፤ ቆርቆሮው ይነቀነቃል። ይህ 10 ጊዜ ይደገማል። የተመዘገቡት 10 ፍሬዎች የሁለተኛው ትውልድ ጂኖች ናቸው፤ ይህም 5 እንስሳት ብቻ ያሉት ስብስብ ማለት ነው።

ሐ. ቆርቆሮው በአዲሱ ድርሻ መሠረት እንደገና ይሞላል። ለምሳሌ 6 ነጭና 4 ጥቁር ከወጡ 12 ነጭና 8 ጥቁር ይጨመራል። ከዚያም ሦስተኛው ትውልድ ይወጣል፤ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል።

መ. በአንጻሩ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ትልቅ ዕቃ እኩል ነጭና ጥቁር ገብስ ጨምረው በእያንዳንዱ ትውልድ 200 ጊዜ ያወጣሉ፤ ይህም 100 እንስሳት ያሉት ስብስብ ነው።

ከሙከራው በፊት ተማሪዎች ግምታቸውን እንዲጽፉ ማድረግ ይጠቅማል። አብዛኞቹ «ግማሽ በግማሽ ስለ ሆነ 5 ነጭና 5 ጥቁር ይወጣል» ይላሉ። በሒሳብ ሲታይ ግን 10 ጊዜ ሲወጣ በትክክል 5 በ5 የመሆኑ ዕድል ከ4 አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቡድኖቹ አብዛኞቹ ገና በመጀመሪያው ትውልድ ከግማሽ ይወጣሉ። ከ9 ቡድኖች አንዱ ያህል አንዱን ቀለም 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል። 200 ጊዜ በሚያወጡት ዘንድ ግን ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 43 እና 57 መካከል ይቆያል።

ትልቁ ቁም ነገር የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ዕጣ ያለፈውን አያስታውስም። 7 ነጭና 3 ጥቁር የደረሰው ቡድን በሚቀጥለው ዙር ወደ 5 በ5 እንዲመለስ የሚገፋው ኃይል የለም፤ አዲሱ መነሻ 7 በ3 ነው። እንዲህ ሲሄድ አንድ ቀን 10 በ0 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ምንም ያህል ቢነቀነቅ የጠፋው ቀለም አይመለስም። በ5 እንስሳት ስብስብ ከግማሽ ተነሥቶ እዚህ ለመድረስ በአማካይ 14 ትውልድ ያህል ይበቃል፤ በ100 እንስሳት ስብስብ ግን 280 ትውልድ ገደማ ይወስዳል።

የትኛው ቀለም እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማንም አያውቅም። የቡድኖቹ ውጤት በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሲጻፍ፣ አንዱ ቡድን ወደ ነጭ፣ ሌላው ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ የሁሉም አማካይ ግን ከግማሽ ብዙ አይርቅም። ይህ በሕያዋን ላይም ተፈትኗል። ፒተር ቡሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት፣ በ107 የተለያዩ ስብስቦች ውስጥ በእያንዳንዱ 8 ወንድና 8 ሴት የፍራፍሬ ዝንቦችን አኑሮ፣ የአንድ የዓይን ቀለም ጂን ሁለት ዓይነቶችን ግማሽ በግማሽ አድርጎ ጀመረ። ከ19 ትውልድ በኋላ በ30 ስብስቦች አንደኛው ዓይነት ፈጽሞ ጠፍቶ ተገኘ፤ በ28 ደግሞ ብቻውን ቀርቶ ነበር። የመነሻው ሁኔታ አንድ፣ አያያዙም አንድ ሳለ መጨረሻው ተለያየ።

4. ልዩነት በምን ፍጥነት ይጠፋል?

አሜሪካዊው ሊቅ ሱወል ራይት እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣው ጥናት ይህን በሒሳብ አስረድቷል። ደንቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ስብስብ ውስጥ ካለው የዘር ልዩነት በየትውልዱ በዕጣ የሚጠፋው ድርሻ፣ 1 ለተራቢዎቹ ቁጥር እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ተራቢዎቹ 10 ቢሆኑ በየትውልዱ ካለው ልዩነት ከ20 አንዱ፣ ማለትም ከመቶ 5 ይጠፋል፤ ከ10 ትውልድ በኋላ የሚተርፈው ከመቶ 60 ያህል ነው። ተራቢዎቹ 50 ቢሆኑ በየትውልዱ የሚጠፋው ከመቶ 1 ሲሆን፣ ከ10 ትውልድ በኋላ ከመቶ 90 ይተርፋል። 1,000 ቢሆኑ ግን ከ10 ትውልድ በኋላም ከመቶ 99.5 ይተርፋል።

እዚህ ላይ መምህራን ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ዕጣ ወለድ ለውጥ በትናንሽ ስብስቦች ብቻ የሚገኝ አይደለም። በትላልቆቹም ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ነገር ግን እጅግ ዝግ ይላል። አዳዲስ የጂን ዓይነቶችም በሙቴሽን ጥቂት በጥቂት ስለሚፈጠሩ ትልቁ ስብስብ የጠፋበትን ለመተካት ጊዜ ያገኛል። ትንሹ ግን ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይበልጣል።

5. የራስ ቁጥርና የርቢ ቁጥር፦ የመንዝ በግ

ከዚህ በላይ «ተራቢዎች» ስንል የቆየነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቆጠራ የሚገኘው የራስ ቁጥር ከርቢ ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። ይህን ለመረዳት ከመንዝ በግ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የመንዝ በግ ብርዱንና የግጦሹን እጥረት ችሎ የሚኖር፣ ከጸጉሩ ባናና በርኖስ የሚሠራለት፣ በአካሉ ትንሽ የሆነ የደጋ በግ ነው። ዝርያው በጠቅላላው ሲታይ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ በዕጣ ምክንያት የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን በአንድ መንደር ያሉ 100 ተራቢ በጎችን ብንወስድ፣ ጉዳዩ የሚወሰነው ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ አውራ በመሆናቸው ላይ ነው። የሚወለደው ግልገል ሁሉ ግማሹን ጂን የሚያገኘው ከአባቱ ስለ ሆነ፣ አባቶቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑ የመጪው ትውልድ ግማሽ ውርስ በሁለት እንስሳት በኩል ያልፋል።

የሒሳቡ ደንብ የሚከተለው ነው፤ የአውራዎቹ ቁጥር በእናቶቹ ቁጥር ይባዛል፤ ውጤቱ በ4 ይባዛል፤ ከዚያም ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። 50 አውራና 50 እናት ቢኖሩ የርቢ ቁጥሩ 100 ነው። 10 አውራና 90 እናት ቢሆኑ 36 ይሆናል። 2 አውራና 98 እናት ቢሆኑ ግን 8 እንኳ አይሞላም። ግብር ሰብሳቢው 100 በግ ይቆጥራል፤ ዕጣ ግን የሚቆጥረው 8 ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ፣ ገበሬዎች በጎቻቸውን አስተባብረው ምርጥ አውራዎችን በጋራ የሚጠቀሙበት ማኅበረሰባዊ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። ምርጥ አውራ መምረጥ ጥቅሙ የታወቀ ነው። ሆኖም በአንድ መንደር የሚመረጡት አውራዎች ቁጥር ጥቂት ሲሆን፣ ከምርጫው ጎን ለጎን ዕጣም ሳይጠራ ይገባል። ስለዚህ አውራዎችን በቁጥር በርከት ማድረግና ከመንደር ወደ መንደር ማዘዋወር የዕቅዱ አካል መሆን ይኖርበታል።

በነባሩ ልማድ የአንድ መንደር በጎች በወል ግጦሽ ላይ ተቀላቅለው ስለሚውሉ የአንዱ አውራ የሌላውን እናት በግ ያጠቃል። ከአንድ ቤት የጠፋ ጠባይም ከጎረቤት መንጋ ሊመለስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። በስብስቦች መካከል የሚደረግ መጠነኛ መቀላቀል፣ በየትውልዱ አንድ ወይም ጥቂት እንስሳት እንኳ ቢሆኑ፣ የዕጣን ኃይል በእጅጉ እንደሚያለዝበው በሒሳብ ተረጋግጧል።

6. ጠባብ በርና አቅኚዎች

የአንድ ስብስብ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ሆኖ ቢቆይም፣ በአንድ ክፉ ዘመን ዝቅ ብሎ የተመለሰ እንደ ሆነ ያ ክፉ ዘመን ጠባሳውን ይተዋል። በአምስት ተከታታይ ትውልዶች ተራቢዎቹ 1,000፣ 1,000፣ 10፣ 1,000፣ 1,000 ቢሆኑ ተራው አማካይ 802 ነው። የዘር ልዩነትን በሚመለከት ግን የአምስቱ ትውልድ ትክክለኛ መለኪያ 48 ያህል ብቻ ነው። ሁሉም ያለፉት በዚያች ጠባብ በር ነውና።

ለዚህ በዓለም የታወቀው ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚኖረው ዝሆን አቆስጣ ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ለስቡ ሲባል ታድኖ ጥቂት አሥሮች ብቻ ቀርተው ነበር። በሕግ ከተጠበቀ በኋላ ቁጥሩ ከ100,000 በላይ ደርሷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1974 በታተመ ጥናት የተመረመሩት 24 የጂን ሥፍራዎች በሁሉም እንስሳት ዘንድ አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ተመልሷል፤ ልዩነቱ ግን አልተመለሰም።

በሰሜን ሸዋ ደጋም በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅና ረኀብ የሚያስታውስ ሰው ጠባብ በር ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ዘሩን ለመብላት የተገደደ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት የሚዘራው ከጎረቤት ወይም ከገበያ ያገኘውን ጥቂት እፍኝ ነው። በዚያ እፍኝ ውስጥ ሳይገባ የቀረ የገብስ ዓይነት የቀረው ዝናብ ስላልቻለ ወይም ፍሬው ስላነሰ ላይሆን ይችላል፤ እፍኙ ውስጥ አለመግባቱ ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ማዕከል፣ ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካል ሆኖ የሚሠራው፣ የየአካባቢውን የገብስ ዘር ሰብስቦ ማኖሩ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥቂቶች ከትልቁ ስብስብ ተለይተው አዲስ አካባቢ ሲሰፍሩም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ይህን ለመንዝ ልጅ ማስረዳት አያስቸግርም። በመንዝ ርስት ይቆጠር የነበረው ምድሩን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት ጀምሮ ነው፤ የአቅኚው ተወላጅ ያልሆነ ከዚያ ርስት ድርሻ አልነበረውም። በጂንም እንዲሁ ነው፤ አቅኚዎቹ ይዘው ያልመጡት የጂን ዓይነት፣ ሌላ መጤ ወይም ሙቴሽን ካላመጣው በቀር፣ በልጅ ልጆቻቸው ዘንድ አይገኝም። አቅኚዎቹ ጥቂት በሆኑ መጠን ይዘውት የሚመጡት ከእናት ስብስቡ የተለየ ይሆናል።

7. የጓሳው ቀይ ቀበሮ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ የሚታየው በመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ የሚገኝ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደጋ ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት፣ በአባ ቄራ አለቅነት፣ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ በየጊዜው እየከፈቱ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢቀርም፣ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል።

በዚህ ሥፍራ ከሚኖሩት መካከል በአገራችን እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኘው ቀይ ቀበሮ አንዱ ነው። በመላው አገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ተራሮች ናቸው። የቀሩት እንደ ጓሳ ባሉ ተነጣጥለው በቆሙ ከፍታዎች ላይ ተበትነዋል። በጓሳ ያሉት በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው።

ቀይ ቀበሮ በከፍተኛው ደጋ አይጥ እያደነ የሚኖር ስለ ሆነ ወደ ቆላ ወርዶ አይኖርም። ምድር ከዛሬው ይበልጥ ቀዝቃዛ በነበረችበት ጥንታዊ ዘመን እንዲህ ያለው ደጋ ሰፊ ነበር። አየሩ ሲሞቅ ደጋው ወደ ተራራ ራስ ሸሸ፤ የገብስ እርሻም ተከትሎት ወጣ። ዛሬ በከፍታዎቹ መካከል ያሉት ማሳዎች፣ መንደሮችና እንደ ጀማና ወንጪት ያሉ የጠለቁ ሸለቆዎች ናቸው። የመንዝ በግ ከጎረቤት መንደር አውራ ያገኛል፤ የጓሳ ቀበሮ ግን ከሌላ ተራራ የሚመጣ መጤ የሚያገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ የርቢ ቁጥሩ ከራስ ቁጥሩ ያነሰ ነው። ቀይ ቀበሮዎች በቡድን ይኖራሉ፤ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ እንደ ደንቡ የምትወልደው አውራዋ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ግልገሎቿን በማሳደግ ያግዛሉ። ለሒሳብ ያህል በአንድ ተራራ 30 አዋቂዎች በ6 ቡድን ቢኖሩና ከየቡድኑ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ብቻ ቢራቡ፣ የርቢ ቁጥሩ 12 ነው። በየትውልዱ ካለው የዘር ልዩነት ከ24 አንዱ በዕጣ ይጠፋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የዘር ምርመራ፣ ልዩነታቸው ከሌሎች የውሻ ወገኖች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መሆኑን አመልክቷል። በባሌ እንዲህ ከሆነ፣ ከዚያ ያነሱት ስብስቦች ያሉበትን ሁኔታ መገመት አያዳግትም።

የእብድ ውሻ በሽታም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በባሌ በወረደው ወረርሽኝ፣ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ አልቀዋል። የትኛው ቡድን ከታመመ ውሻ ጋር እንደሚገናኝ በአብዛኛው የአጋጣሚ ጉዳይ ነው፤ ያ ቡድን ብቻውን የያዘው የጂን ዓይነት ካለ አብሮት ይሄዳል። በባሌ ከአጎራባች ሸለቆ የሚመጣ ተተኪ ነበረ። በጓሳ ግን አጎራባች የለም። በሰሜን ሸዋው ጎሽ ሜዳና በጎጃሙ ጮቄ ተራራ ይኖሩ የነበሩት ቀበሮዎች ጠፍተዋል፤ በሥፍራቸውም የተተካ የለም።

8. ምርጫና ዕጣ እንዴት ይነጻጸራሉ?

ከዚህ በላይ የተነገረው የተፈጥሮ ምርጫን የሚሽር አይደለም። ሁለቱ ኃይሎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የትኛው እንደሚያይል የሚወስነው የስብስቡ መጠን ነው። አንድ የጂን ዓይነት ለባለቤቱ ከመቶ 1 ያህል ብልጫ ይሰጣል እንበል። ተራቢዎቹ 1,000 በሆኑበት ስብስብ የዕጣ ኃይል በየትውልዱ ከ2,000 አንድ ብቻ ስለ ሆነ ብልጫው ጎልቶ ይታያል። ተራቢዎቹ 10 በሆኑበት ግን የዕጣ ኃይል ከመቶ 5 ስለ ሆነ፣ ያ ትንሽ ብልጫ በአጋጣሚው ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። በትንሽ ስብስብ ውስጥ ጠቃሚው ሊጠፋ፣ ጎጂውም ሊስፋፋ የሚችለው ስለዚህ ነው። ጃፓናዊው ሞቱ ኪሙራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በሞለኪውል ደረጃ ከሚታዩት ለውጦች አብዛኞቹ የማይጠቅሙም የማይጎዱም፣ በዕጣ ብቻ የጸኑ መሆናቸውን የሚገልጽ አሳብ አቅርቦ ብዙ ምርምር አስከትሏል።

9. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ሁሉ ለትምህርቱ ሥራ የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ የተፈጥሮ ምርጫ በሚሰጥበት ምዕራፍ ውስጥ ዕጣ ወለድ ለውጥ ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል። የገብሱ ሙከራ ወጪ የለውም፤ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተባብሮ ቢሠራ ለዕድል ስሌት ትምህርትም ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ «ይህ ጠባይ ለምን ጠፋ?» ለሚል ጥያቄ መምህሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት «ስንት ነበሩ? ስንቱስ ወለዱ?» ብሎ መጠየቅን ያስለምድ።

ሦስተኛ፣ የእንስሳት ርቢ፣ የዘር ማባዣና የዱር አራዊት ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ከራስ ቁጥር ጎን የአውራዎችንና የእናቶችን ቁጥር፣ እንዲሁም ከአጎራባች ስብስብ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመዝግቡ። ቁጥር ከወደቀ በኋላ መልሶ ማብዛት ይቻላል፤ የጠፋ የዘር ልዩነትን ግን በአጭር ጊዜ መመለስ አይቻልም። ጓሳን በተመለከተም የውሾች ክትባትና የደጋው ጥበቃ የቅድሚያ ቅድሚያ የሚሰጣቸው፣ ቁጥሩ ወደ ጠባቧ በር እንዳይወርድ የሚያደርጉ በመሆናቸው ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ከሥነ ሕይወት ክፍል አልፎ ይሄዳል። «ደካማው ይጠፋል» የሚለው አነጋገር በልጆች አእምሮ ውስጥ ከበግና ከገብስ አልፎ ወደ ሰው ይሻገራል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች መካከል አያቶቻቸው በ1977ቱ ረኀብ ወገን ያጡ ይኖራሉ። እነርሱ ፊት የጠፋው ሁሉ ደካማ ስለ ነበረ ነው ብሎ ማስተማር ሳይንሱን ማዛባት ብቻ ሳይሆን ፍርደ ገምድልነትም ነው።

በመግቢያው ላይ ያነሣሁት ዕጩ መምህር የልጁን ታሪክ ከእኔ በሰማ ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ተመልሶ መልሱን ለማረም ጠየቀኝ። ተፈቀደለትና በሰሌዳው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈ፦ «በጉ የጠፋው ጆሮው አጭር ስለ ነበረ አይደለም፤ በጎቹ ጥቂት ስለ ነበሩ ነው።» ተማሪዎቹም የትናንቱን ሰርዘው ይህንኑ ጻፉ።